«አርጁን» የሚባለው ስም፦ መምህርን ጠይቁ

ሰብለ (ዱባይ)፦ መምህር እንደምን አመሹ? ህንዳዊው አለቃዬ ወንድ ልጅ ተወልዶለት አርጁን ብሎታል። ኢንተርኔቱ «ጀግና ተዋጊ» ማለት ነው ይላል። እውነት ነው?

መምህር፦ አይደለም። በሳንስክሪት፣ በጥንቱ የህንድ ቋንቋ፣ ነጭ፣ ብሩህ፣ እንደ ብር የሚያበራ ማለት ነው። የሕፃናት ስም ከሚደረድሩ ድረ ገጾች አትቅዱ፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ይገለብጠዋል።

ተዋጊው የስሙ ባለቤት ነው። ማሃባራታን፣ የህንዶቹን ጥንታዊ የጀግኖች ታሪክ መጽሐፍ፣ ባለፈው ስላወራን አልደግመውም፤ አርጁን በዚያ ውስጥ ከአምስቱ የንጉሥ ፓንዱ ልጆች ሦስተኛው፣ ቀስተኛው ነው። ራሱ ስሙን የሚፈታበት ቦታ ግን አለ፤ እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ እሱን እወዳለሁ። ወንድማማቾቹ በቁማር ተረትተው 12 ዓመት ዱር ኖሩ፤ 13ኛውን ማንነታቸውን ደብቀው ማሳለፍ አለባቸው። አርጁን በንጉሥ ቪራታ ቤት ጃንደረባ መስሎ ልዕልቲቱን ጭፈራ ያስተምራል። የንጉሡ ከብት ሲዘረፍ የወጣቱን ልዑል ሰረገላ እየነዳ ወጣ። ልዑሉ የጠላትን ብዛት አይቶ እግሬ አውጪኝ አለ። አርጁን ሮጦ ያዘውና ዛፍ ላይ የተደበቀውን ቀስት አስወርዶ «አርጁን እኔ ነኝ» አለው። ልጁ ግን «ከሆንክ ዐሥሩን ስሞችህን ከነምክንያታቸው ንገረኝ» ብሎ ያዘው። ቆጠረለት፦ ነጭ ፈረስ ስለሚጎትተው ሽቬታቫሃና፣ በግራም በቀኝም ቀስት ስለሚስብ ሳቭያሳቺ፣ ድል ስለማይለየው ቪጃያ… አርጁን የተባልኩት መልኬ በምድር ብርቅ፣ ሥራዬም ንጹሕ ስለሆነ ነው አለ። አንደኛው ስሙ ደግሞ ክሪሽና ነው፤ ጥቁር ማለት። አባቱ ጥቁሩን ልጁን በፍቅር የጠራበት። ያው ሰው ነጭም ጥቁርም ተባለ! ይህን የትኛው ድረ ገጽ ይነግርሻል?

ያሬድ፦ ታዲያ መልኩ ነጭ ነው ጥቁር?

መምህር፦ ከላይ አንብብ።

ብሩክ፦ አርጁን ነው አርጁና?

መምህር፦ ሁለቱም። ሳንስክሪት መጨረሻዋን «አ» ይጠራታል፣ ሂንዲ ይውጣታል። በደቡብ ህንድ፣ ኬረላ ደግሞ አርጁናን ይሉታል።

ሄለን፦ አርጁን የተባለ ሁሉ ሂንዱ ነው ማለት ነው?

መምህር፦ የለም። ሲኮች የሚባሉት ሌላ የህንድ ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው፤ 5ኛ ጉሯቸው፣ ማለትም መሪ መምህራቸው፣ አርጃን ይባላል፤ በፈረንጆች 1604 ቅዱስ መጽሐፋቸውን ያሰባሰበው እሱ ነው፤ 1606 ላሆር ላይ በጊዜው ገዢዎች በሙጋሎቹ እጅ ሞተ። ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ብትሄጂ ዋያንግ በሚሉት የጥላ አሻንጉሊት ትርዒት ሰበብ ሙስሊሙም ልጁን አርጁና ይላል። በስሙ የሚጠራ ተራራም አላቸው።

ካሌብ፦ ይቅርታ፣ ግን የአርጁን ባላጋራ ካርና ይበልጠዋል። ካርና የሰረገላው ጎማ መሬት ውስጥ ተቀርቅሮበት ሊያወጣ ሲታገል አርጁን ገደለው፤ ይሄ ጀግንነት ነው?

ብሩክ፦ አቢማንዩን ከብበው ሲገድሉት ካርና አልነበረበትም? የአርጁን ልጅ እኮ ነው፣ ገና ጎረምሳ!

ካሌብ፦ ካርናን እናቱ ወልዳ ወንዝ ላይ ጥላዋለች፤ እንዲህ ያለ ሰው ላይ አትፍረድ።

ብሩክ፦ ምን አገናኘው?

መምህር፦ በቃችሁ! ህንዶቹ ራሳቸው ያልጨረሱትን ክርክር እናንተ እዚህ አትጨርሱትም። ቀጣይ።

ማርታ፦ ስም የሚያወጡት እንደኛ ክርስትና በ40 ቀን ነው?

መምህር፦ ናማካራና ይባላል፤ እንደየአካባቢው ቢለያይም በተለምዶ በ11ኛው ወይም በ12ኛው ቀን ነው። ልጁ ሲወለድ ጨረቃ ያረፈችበት ኮከብ ይታያል። ኮከቦቹ 27፣ ለእያንዳንዱ ስሙ የሚጀምርበት 4 ፊደል አለው፣ በጠቅላላ 108 መሆኑ ነው። «አ» የደረሰው አርጁን ሊባል ይችላል። ሁሉም ቤተሰብ ግን ይህን አይከተልም።

ያሬድ፦ ስሙ ዕድል ያመጣል?

መምህር፦ ኮከብ ቆጣሪ ጠይቅ።

ሰናይት፦ መምህር፣ እኔ ያየሁት ገጽ ግን «የማይሸነፍ ተዋጊ» ነው የሚለው…

መምህር፦ ሰናይት፣ ከዚያ ገጽ ውጪ። የመጀመሪያውን መልስ ሳያነብ የሚጠይቅ ካለ ከዚህ በኋላ አልመልስም።

ማርታ፦ ለሴት ልጅስ ይሆናል?

መምህር፦ የወንድ ስም ነው። ለሴት ሱባድራ አለችላችሁ፤ ሚስቱ ነበረች።