«የባለቤቴ እግር ወደ ላይ አልነሳ አለ» ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለቤትሽ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ወገቡን ሲያመው ከርሞ ሕመሙ ወደ ቀኝ እግሩ ወረደ፤ አሁን ደግሞ የእግሩ ጫፍ አልነሳ ብሎ ሲራመድ ጫማው መሬት ይፍቃል። ኤምአርአዩ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ (አጥንቶቹን የሚለየው ለስላሳ ትራስ) ወጥቶ ነርቭ ተጭኗል ይላል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና አዘዘ፣ አማትሽ «አከርካሪው የተነካ ሰው ሽባ ሆኖ ነው የሚቀረው» አሉ፣ የአጎትሽ ልጅ ደግሞ ሽባ የነበረ ሰው በቺፕ ሲራመድ የሚያሳይ ቪዲዮ ልኮ «መኪናውን ሽጡና ውጭ ሄዶ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል) ይወጋ» ይላል።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ እንጂ ቀዶ ሐኪም አይደለሁም። ኦፕራሲዮን ሆነው የመጡትንም ፈርተው የቀሩትንም ለዓመታት አይቻለሁ፤ የምነግርሽ ከዚያ ነው። ሐኪሙ፣ አማትሽና የአጎትሽ ልጅ ሁሉም «ነርቭ» ይላሉ እንጂ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም።

ከአማትሽ ልጀምር። ሕብለ ሰረሰር የሚባለው ዋናው መስመር ከአንጎል ተነስቶ በአከርካሪው ቦይ ይወርድና በአዋቂ ሰው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በታች ያሉት እንደ ፈረስ ጭራ የተዘረጉ የነርቭ ሥሮች ናቸው። የባለቤትሽ ዲስክ ያለው ከዚህ ዝቅ ብሎ ነው። ሐኪሙ የሚገባበት ቦታ ላይ ሕብለ ሰረሰር የለም። ጣጣ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ኢንፌክሽን አለ፣ ነርቮቹን የያዘው ከረጢት ተቀዶ ፈሳሽ ሊወጣ ይችላል፣ ከመቶ ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ዲስኩ ተመልሶ ይወጣል፣ አልፎ አልፎም ሥሩ ራሱ ይጎዳል። አማትሽ የሚፈሩት ግን ከእነዚህ አንዱንም አይደለም። እሳቸው ያዩት ከግንባታ እንጨት ላይ የወደቀውን፣ መኪና የተገለበጠበትን፣ የአከርካሪ ቲቢ ሕብለ ሰረሰሩን የተጫነበትን ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ቢላዋ ሳይነካቸው በፊት ነው እግራቸው የከዳቸው። ከሆስፒታል በዊልቸር ሲወጡ ጎረቤት የሚያስታውሰው ግን ኦፕራሲዮኑን ነው።

ወደ ሐኪሙ እንምጣ። የወጣ ዲስክ ነርቭ ተጭኖ እግር እንደሚያሳምም ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች በ1934 ጽፈው ካሳዩ ወዲህ የቀዶ ጥገናው ሐሳብ ብዙም አልተለወጠም። ከኋላ ትንሽ መስኮት ይከፈታል፣ ነርቩ ቀስ ተብሎ ገለል ይደረጋል፣ የወጣው ቁራጭ ይነሳል፣ ይዘጋል። ነርቩን የሚጠግነው የለም። ሐኪሙ ቦታ ይለቅለታል፤ የማገገሙ ሥራ የነርቩ የራሱ ነው። የነርቩ ክር ሽፋን ብቻ ተጨፍልቆ ከነበረ በሳምንታትና በወራት ይመለሳል። ውስጡ ያለው ክር ተበጥሶ ከሆነ ግን ከሥሩ እንደገና ማደግ አለበት፤ ነርቭ ደግሞ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ከወገብ እስከ ቅልጥሙ ፊት ያለውን ርቀት ራስሽ ለኪው። 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እንኳ 600 ቀን ነው። እስከዚያ ነርቭ ያልደረሰው ጡንቻ እየሟሸሸ ይሄዳል፣ ከጊዜ በኋላ ነርቩ ቢደርስለትም አይነሳም። ሐኪሙ የቸኮለው ለዚህ ይመስለኛል።

«ግን ሳይነኩ የዳኑ ብዙ ሰዎች አሉ» ትይኝ ይሆናል። አሉ፣ እንዲያውም አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው፤ የወጣውን ቁራጭ ሰውነት ራሱ እየበላ ያሳንሰዋል። ኔዘርላንድስ ውስጥ በ283 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2007 የወጣ ጥናት አለ፦ ቶሎ ኦፕራሲዮን የሆኑትና የጠበቁት ከዓመት በኋላ ሲታዩ እኩል ነበሩ፤ ቶሎ የሆኑት ከሕመሙ ቀድመው ተገላገሉ፣ ከጠበቁት መካከል ደግሞ 39 በመቶው መጨረሻ ላይ ኦፕራሲዮን ሆኑ። ለሕመም ብቻ ለሚመጣ ሰው እኔም «ትንሽ ታገስ» የምለው ለዚህ ነው። ግን እዚህ ላይ ልብ በይ፤ እግሩን ከስበት ተቃርኖ ማንሳት ያቃተው ሰው መጀመሪያውኑ ጥናቱ ውስጥ አልገባም። ስለዚህ «ጠብቆ ዳነ» የሚለው ወሬ ለባለቤትሽ ማስረጃ አይሆንም።

ራስሽ እዪው። ወንበር ላይ አስቀምጪው፣ ተረከዞቹን መሬት አስነክቶ ሁለቱንም የእግር ጫፎች ወደ ላይ ያንሳ። ቀኙ ይነሳል? ከተነሳ በሁለት ጣትሽ ወደ ታች ተጫኚው፤ ይቋቋምሻል ወይስ ወዲያው ይወድቃል? አውራ ጣቱን ብቻውን ያንሳ። ከዚያ ግድግዳ ይዞ በተረከዙ ይራመድ። ያየሽውን ከነቀኑ ጻፊ። በሁለት ሦስት ቀን ልዩነት ከባሰ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ከዚህ የሚብስ ደግሞ አለ፣ ወንዶች አይናገሩትም፣ አንቺ ጠይቂው። ሽንቱ አልወጣ ብሎት ያውቃል? ወይስ ሳያውቀው ያመልጠዋል? ብልቱና መቀመጫው አካባቢ ደንዝዟል? ሁለቱም እግሮቹ ደክመዋል? አንዱ እንኳ ካለ የዚያኑ ዕለት ማታም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። ሾፌር ሽንት መያዝ የለመደ ነው፤ «ብርድ መቶኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የጭራው ነርቮች በሙሉ ከተጨፈለቁ ዕድሉ የሚቆጠረው በሰዓት ነው፣ ካለፈ በኋላ እኛ ጋ የሚመጣው ሰው ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ይዞ ነው።

ወጌሻ ግን በፍጹም። እግሩ እየደከመ ያለ ሰው ወገብ አይታሽም፣ አይረገጥም፣ አይጠመዘዝም። ጸበሉን ይጠመቅ፣ ማንም አይከለክለውም፣ ወገቡን የሚያንገላታ መንገድ ብቻ አይሁን። በነገራችን ላይ ማታ ማታ የሚያልበው፣ የሚያተኩሰው ወይም ከሰውነቱ የቀነሰ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። እኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ ብርቅ አይደለም፣ ሕክምናውም በዋናነት መድኃኒት ነው።

አሁን ቪዲዮው። ውሸት አይደለም። ስዊዘርላንድ ሎዛን ውስጥ ግሬጎዋር ኩርቲንና ጆስሊን ብሎክ የሚመሩት ቡድን ነው የሠራው። በ2018 ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሦስት ሰዎችን ከጉዳቱ በታች በኤሌክትሪክ እየቀሰቀሱ አራመዱ። በ2023 ደግሞ ጌርት-ያን ኦስካም የሚባለውን ሆላንዳዊ፣ አንጎሉ ላይ የተተከለው መሣሪያ ሐሳቡን እያነበበ ወገቡ ላይ ወዳለው መሣሪያ እንዲልክ አድርገው በክራንች አስኬዱት። በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው፣ ሰውየው ግን ከዓመታት በፊት በብስክሌት አደጋ ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ነው፤ ብዙ ልምምድም አድርጓል። መሣሪያው የተቋረጠውን መስመር ተሻግሮ መልእክት ያደርሳል እንጂ የተቆረጠውን አይቀጥልም።

የሕብለ ሰረሰር ክር ለምን እንደ እግር ነርቭ አያድግም ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። ሞንትሪያል ውስጥ የአልበርት አጉዋዮ ቡድን በ1980 እና 1981 አይጦች ላይ የእግር ነርቭ ቁራጭ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ሲተክሉ፣ አያድግም የተባለው ክር ቁራጩ ውስጥ ረዝሞ ገባ። ማለት ክሩ ማደግ ይችላል፣ የሚከለክለው አካባቢው ነው። ዙሪክ ያለው ማርቲን ሽዋብ ከከልካዮቹ አንዱን ሲያሳድድ ኖሮ በ2000 ፕሮቲኑ ተለይቶ ኖጎ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፣ ሰው ላይ የሚያስተማምን መድኃኒት ግን እስካሁን አልወጣም። የባለቤትሽ ነርቭ እድለኛው ወገን ነው፤ ቦታ ካገኘ ማደግ ያውቃል።

ስቴም ሴሉን በተመለከተ አልሸፋፍንልሽም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለሕብለ ሰረሰር ጉዳትም ለወገብ ሕመምም የፈቀደው ስቴም ሴል የለም። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በ2016 ያወጣው ታሪክ አለ፦ ስትሮክ የመታው ሰው በተለያዩ አገሮች ከፍሎ ስቴም ሴል ተወግቶ አከርካሪው ውስጥ እባጭ በቀለበት፣ እባጩም የራሱ ሴል አልነበረም። እውነተኛ ምርምር የሚያደርግ ሰው በአብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ክፈሉ የሚል ካለ ነጋዴ ነው። መኪናውን አትሽጡ።

ገንዘቡ የሚያስፈልገው ለሌላ ነው። ሐኪሙን «ብረት ይገባል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለወጣ አንድ ዲስክ፣ አጥንቱ ካልተንሸራተተ፣ ብዙ ጊዜ ብሎን አያስፈልግም፤ ይገባል ካለሽ ምክንያቱን ያስረዳሽ፣ ሌላ ሐኪምም አማክሪ።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ብዙዎቹ በማግስቱ ይቆማሉ። የእግሩ ሕመም ቶሎ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ግን ይዘገያል፣ በዚህ አትደንግጡ። ባቱ እንዳያጥር ተቀምጦ ነጠላ ጠምዝዞ በእግሩ መዳፍ ሥር ያሳልፍና ወደ ራሱ ይሳብ፣ ጠዋት ማታ። ነጠላ ጫማ ቤት ውስጥም ቢሆን ይቅር፤ የእግሩ ጫፍ ምንጣፍ ይይዘውና ይጥለዋል። ጫማ ውስጥ የሚገባ የእግር መደገፊያ አለ፣ ጠይቁ። የደነዘዘ እግር ላይ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ እንዳታደርጉ፣ ሳይሰማው ተቃጥሎ የመጣ ሰው አይቻለሁ።

ሥራ መቼ ይመለሳል ላልሽው፣ ቀኝ እግር ስለሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ከነዳጅ ወደ ፍሬን እግሩን የሚያነሳው ይኸው የደከመው ጡንቻ ነው። እሱ ሳይመለስ ተሳቢ ይዞ ቁልቁለት መውረድ ለራሱም ለሰውም አደጋ ነው።

ወደ ሐኪሙ ስትሄዱ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የኤምአርአዩን ሲዲ ያዙ። የእግሩ ጉልበት ከ5 ስንት እንደሆነም ለክተው ከቀዶ ጥገናው በፊት ካርዱ ላይ እንዲጽፉት ጠይቂ። በኋላ ፊዚዮቴራፒ ስትመጡ መጀመሪያ የምንፈልገው ያንን ቁጥር ነው።