«ቁጭ አለ» ሲባል ምን አለ? ስለ ፍሬዛል ቨርብ ላነሳችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

ስለ እንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርብ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ «ጊቭ» መስጠት ነው፣ «አፕ» ደግሞ ላይ። ታዲያ «ጊቭ አፕ» እንዴት ተስፋ መቁረጥ ሆነ?

መልስ፦ እኔም ልጠይቅህ። «ቁጭ አለ» ስንል ሰውየው ምን አለ? ምንም አላለም፤ ተቀመጠ። «አለ» ብቻውን ተናገረ ማለት ነው። «ቁጭ» ብቻውን ደግሞ ግራ ያጋባል። ሁለቱ ሲገጥሙ አዲስ ግስ ይወጣቸዋል። ዝም አለ፣ ብድግ አለ፣ ደስ አለው፤ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ፍሬዛል ቨርብም ይኸው ነው፦ አንድ ግስ፣ ከኋላው «አፕ»፣ «ኦፍ» ወይም «አውት» የመሰለች ጭራ። ስለዚህ ቃል በቃል አትፍታው። «ተስፋ ቆረጠ» ስንልም እኮ መቀስ የያዘ የለም።

ጥያቄ፦ ጭራዎቹ የራሳቸው ትርጉም የላቸውም ማለት ነው?

መልስ፦ አላቸው፤ ግን ሁሌ አይታመኑም። «አፕ» ብዙ ጊዜ ድርጊቱን እስከ መጨረሻው ታደርሰዋለች። «ድሪንክ» ጠጣ ነው፤ «ድሪንክ አፕ» ጨለጠ። «ዩዝ አፕ» ተጠቅሞ ጨረሰ። «ባክ» ደግሞ መመለስን ታመጣለች። ለግምት ያግዛሉ፣ ከዚያ በላይ አትመኑባቸው። «ሉክ አፕ» ቀና ብሎ ማየትም ነው፣ ቃልን መዝገበ ቃላት ውስጥ መፈለግም ነው።

ጥያቄ፦ «ተርን ኦፍ ኢት» ብዬ ጽፌ ስህተት ነው ተባልኩ። ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ ላይ። ተሳቢው ስም ከሆነ ምርጫው ያንቺ ነው። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»ም «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ያው መብራቱን አጥፋ ነው። ተውላጠ ስም ሲሆን ግን መሀል መግባት አለበት፦ «ተርን ኢት ኦፍ»።

ጣጣው፣ ሁሉም ግስ መሀሉን አይከፍትም። «ሉክ አፍተር»፣ ማለትም ተንከባከበ፣ በጭራሽ አይለያይም። «ሉክ አፍተር ሂም» እንጂ «ሉክ ሂም አፍተር» አይባልም። እንደ «ፑት አፕ ዊዝ»፣ ቻለ ወይም ታገሠ፣ ያሉት ባለ ሦስት ቃሎችም ብዙውን ጊዜ አይነጣጠሉም። የቱ ይለያያል የሚለውን በሕግ ለመያዝ አትድከሚ። ማስታወሻሽ ላይ «ተርን ሳምቲንግ ኦፍ»፣ «ሉክ አፍተር ሳምዋን» ብለሽ ከነቦታው መዝግቢው። ለእኔ የሠራው ይህ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲ ዩ» ወይስ «ሲኢንግ ዩ»?

መልስ፦ «ሲኢንግ»። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» በጉጉት መጠበቅ ነው። እዚህ «ቱ» የግሱ ጭራ ናት፤ ስለዚህ ከኋላዋ የሚመጣው ግስ «-ኢንግ» ይይዛል።

ጥያቄ፦ «ቴክ ኦፍ» አናደደኝ! ስንት ትርጉም ነው ያለው?

መልስ፦ አውሮፕላን ሲነሳም «ቴክ ኦፍ» ነው፣ ጃኬት ስታወልቅም፣ አንድ ሥራ በአጭር ጊዜ ሲሳካም። አጠገቡ ያለውን ቃል እይ። ጃኬቱ ተሳቢ ነው፤ አውሮፕላኑ ግን ራሱ ነው የሚነሳው።

በነገራችን ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። አንዴ ስብሰባው «ኮልድ ኦፍ» ሆኗል የሚል መልእክት ደረሰኝ። «ኮል» መደወል ነው ብዬ ስልኬን ይዤ ቁጭ። ለካ ስብሰባው ተሰርዟል!

ጥያቄ፦ ለመደበኛ ደብዳቤ ይሆናሉ?

መልስ፦ አንዳንዶቹ። «ፑት ኦፍ» ለወሬ ይመቻል፤ ለደብዳቤ «ፖስትፖን» ይሻላል። ሁለቱም ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ናቸው። እንደ «ፖስትፖን» ያሉት ብዙዎቹ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጡ ስለሆኑ ኮስተር ይላሉ። ግን ጨርሶ አትሽሹ፤ «ካሪ አውት»፣ ማለትም አከናወነ፣ በጥናት ጽሑፍም ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ስንቱን ልሸምድድ?

መልስ፦ «ጌት አፕ፣ ጌት ኦን፣ ጌት ኦፍ፣ ጌት ኦቨር» እያልክ በሰልፍ አትሸምድድ፤ ይደበላለቁብሃል። ስታነብ ያገኘኸውን አንዱን ያዝና ስለ ራስህ ዓረፍተ ነገር ሥራበት። ደግሞ አትፈር። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ የውጭ ሰዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግሩት እነዚህ ናቸው ብሎ ጽፏል።

ጥያቄ፦ ሳነብ ይገባኛል፣ ሲያወሩ ግን አልሰማቸውም።

መልስ፦ ቃላቱን እየለየሽ ስለምትጠብቂ ነው። በንግግር ይጣበቃሉ፣ ድምፁም ብዙ ጊዜ ጭራዋ ላይ ይጠነክራል። «ፒኪታፕ» የሚል ከሰማሽ «ፒክ ኢት አፕ» ነው፤ አንሺው እያለሽ ነው።