ለጠያቂዋ እህታችን፦ የሕፃኑን ክብደት ከመዝገብ አትቅጂ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ያየሁት ዛሬ ጠዋት ከአዳር ስወጣ ነው። በእርግዝና ጊዜ ያለ ጭንቀት በምጥና በሕፃኑ ክብደት ላይ የሚያመጣውን ለማስተርስሽ ልታጠኚ እንደሆነ፣ እናቶቹን ከወለዱ በኋላ እዚያው ማዋለጃ ክፍል ጠይቀሽ ክብደቱን ከመዝገብ ልትወስጂ እንዳሰብሽ ጽፈሻል፤ ሦስት ወር ይበቃኛል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። ሳነበው የራሴን ፕሮፖዛል ሰው የለጠፈው መሰለኝ። እኔም አዋላጅ ነርስ ነኝ። ይህንኑ ርዕስ በዚሁ መንገድ ይዤ ወሎ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ገባሁ፤ ሁለት ወር ተኩል ሠርቼ፣ የዳታ ሰብሳቢዎቹን አበል ከደሞዜ ከፍዬ፣ በመጨረሻ ሁሉንም ጥዬ እንደገና ጀመርኩ። የናሙናውን ብዛትና የትንተናውን ነገር አማካሪሽ ያውቀዋል። እኔ ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

1. ክብደቱን ከመዝገብ አትቅጂ፤ በራስሽ ሚዛን አስመዝኚ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን እንዳትረሺ።

እኔ ከአራት መቶ በላይ እናቶች ጠይቄ፣ ክብደቱን ከማዋለጃ መዝገቡ ገልብጬ ዳታውን አስገባሁ። አንድ ማታ ግራፉን ሳወጣው፣ መሃሉ ከፍ ብሎ ወደ ዳርና ዳር የሚወርድ ጉብታ ስጠብቅ ሦስት ምሰሶ ቆሞ አገኘሁ፦ 2500፣ 3000፣ 3500። በመካከላቸው ያለው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ጠረጠርኩ። ከዚያ መዝገቡን መልሼ ገለጥኩት፤ ገጹ ሁሉ 3 ኪሎ፣ 2.5፣ 3 ኪሎ፣ 3 ኪሎ ነው። ሕፃን እኮ በግማሽ ኪሎ እየተቆረጠ አይወለድም።

ጉዳቱ የት ጋ እንደሆነ ልብ በይ። ዝቅተኛ ክብደት የምንለው ከ2500 ግራም በታች ነው፤ ልክ 2500 የሆነው ከደህናው ወገን ይቆጠራል። 2380 የመዘነ ልጅ «ያው 2.5 ነው» ተብሎ ሲጻፍ ከጥናትሽ ወጣ ማለት ነው። የምትፈልጊያቸው ሕፃናት እዚያች አንዲት ምሰሶ ውስጥ ተቀብረው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ «ጭንቀትና ክብደት አይገናኙም» ብትዪ፣ እውነትም ስለማይገናኙ ይሁን ሚዛኑ ስላሳሳተሽ በምን ታውቂያለሽ?

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለማየት አንድ ሌሊት ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ አደርኩ። ሦስት ምጥ የያዛቸው እናቶች አሉ፤ አዋላጇ አንዲት ናት። እኩለ ሌሊት ላይ አራተኛዋ ደም እየፈሰሳት መጣች። ከሁሉ ቀድሞ የተወለደው ሕፃን ተጠቅልሎ እናቱ ጎን ተኛ፤ የተመዘነው ሊነጋጋ ሲል ከነብርድ ልብሱ ነው። ሚዛኑን ጠጋ ብዬ አየሁት። ምንም ሳይቀመጥበት ቀስቱ ዜሮን አልፎ 200 ላይ ቆሟል። አዋላጇን አልወቅሳትም። እኔም በተራዬ ስንት ሌሊት በዓይኔ ገምቼ «3 ኪሎ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ በዚያ ሰዓት የሚያሳስበኝ የእናትየዋ መትረፍ ነበር። መዝገቡ የተጻፈው ለዚያ ሥራ እንጂ ለአንቺ ጥናት አይደለም።

ሁለተኛ ስጀምር ዲጂታል የሕፃን ሚዛን በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። እህል ከሚነግድ ጎረቤቴ የ2 ኪሎ የሚዛን ብረት ተውሼ፣ ጠዋት ጠዋት እሱን አስቀምጬ እፈትነው ነበር። ለአዋላጆቹ የሞባይል ካርድ ገዛሁላቸው፤ ከመዘገብኳቸው ነፍሰ ጡሮች አንዷ ምጥ ይዟት ስትመጣ ይደውሉልኛል። ልጁ ራቁቱን ይመዘናል፤ በተወለደ 48 ሰዓት ሳይሞላው። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ስለሚቀንስ ከዚያ የዘገየውን አልቀበልም።

2. ስለ እርግዝናዋ ጭንቀት ከወሊድ በኋላ አትጠይቂያት።

ልጇ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የገባባት እናት ዘጠኙን ወር መለስ ብላ ታበጥራለች። «ያኔ ከአማቴ ጋር ተጣልቼ ነበር፤ ያኔ ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት፤ እሱ ይሆን?» ትላለች። ጤናማ ልጅ የታቀፈችው ደግሞ ያንኑ ጠብ ረስታዋለች። አንቺ ጭንቀቱ ልጁን ጎዳው ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ የሆነው ግን የልጁ መታመም ትዝታዋን መለወጡ ነው። ስለዚህ ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ ጠይቂያትና እስክትወልድ ጠብቂ። ሦስት ወር አይበቃሽም፤ ለማራዘሚያው ማመልከቻ አሁኑኑ አስገቢ።

ቡታጅራ ላይ እነ ሻርሎት ሐንሎን፣ ግርማይ መድኅንና አታላይ ዓለም የሠሩትን ፈልገሽ አንብቢ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመውን። ከአንድ ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን በመጨረሻዎቹ ወራት ጠይቀው እስኪወልዱ ተከታትለዋል። የጭንቀትና የድብርት ምልክት የበዛባቸው ሴቶች ላይ ምጥ ከ24 ሰዓት በላይ ሲራዘም፣ ጡት ማስጀመርም ሲዘገይ ጎልቶ ታየ። ከክብደት ጋር ግን ግንኙነት አላገኙም። ይህን ሳነብ እውነቱን ልንገርሽ አለቀስኩ፤ እኔ ክብደት ክብደት ስል የምጡን ሰዓት አንድም ቦታ አልጻፍኩም ነበር። አንቺ ምጡ የጀመረበትን ሰዓትና ልጁ መጀመሪያ ጡት የያዘበትን ሰዓት መጠይቅሽ ላይ አስገቢ። ምንም ወጪ የለውም።

3. «ጭንቀት» የሚለውን ቃል ከመጠይቁ አውጪው።

ስምንት ወሯ የነበረች አንዲት እናት «ባለፈው ወር ጭንቀት ነበረብሽ?» ብላት ዓይን ዓይኔን እያየች «አይ እህቴ፣ ጭንቁማ ገና ነው፤ አንድ ወር ይቀረኛል» አለችኝ። ለሷ ጭንቅ ማለት ምጥ ነው። «ከጭንቅ ያውጣሽ» እየተባለች የምትመረቅ ሴት ሌላ ምን ትስማ? ከኔ በፊት ስንቷ «የለብኝም» ብላ አልፋ ይሆን ብዬ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ቃሉን ለውጬ «ሐሳብ ይበዛብሻል?» ስላት ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። ባሏ በእግር ወደ ሳዑዲ ከወጣ አራት ወሩ ነው፤ ድምፁን አልሰማችም። «ቀን ቀንስ ሥራ አለ፤ ሌሊት ስብሰለሰል ነው የሚነጋው» አለችኝ። እንዲህ ያለውን ቃል ከእናቶቹ አፍ ልቀሚው። አምስት ስድስት እናቶች ጋር ቡና ጠጥተሽ ሐሳብ፣ መብሰልሰል፣ ሆድ መባባት የሚሉትን በምን ጊዜ እንደሚሉት አዳምጪ።

መለኪያውንም በዚያው። የድብርት ምልክት የሚለየው የኤዲንብራው መጠይቅ 10 ጥያቄ ስለሆነ ያጓጓል። አዲስ አበባ ላይ በወለዱ እናቶች ተፈትኖ ደህና ሠርቷል፤ ቡታጅራ ገጠር ላይ ግን ከኤስአርኪው 20 (የዓለም ጤና ድርጅት ካወጣው ባለ 20 ጥያቄ የአእምሮ ጤና መጠይቅ) ያነሰ ሆኖ ነው የተገኘው። የአንቺ እናቶች የገጠር ከሆኑ ኤስአርኪውን ያዢ፤ አዎ ወይ አይ ብቻ ስለሆነ ያልተማረች እናት አትቸገርም። ድካሙ፣ የምግብ ፍላጎቱና እንቅልፉ ግን ከእርግዝናው ከራሱ ጋር እንደሚደባለቅ እወቂ።

የኤስአርኪው 17ኛ ጥያቄ ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ ነው። አንዷ ዳታ ሰብሳቢዬ አንዲትን ነፍሰ ጡር አማቷ አጠገቧ ቆማ እያለ ጠየቀቻት። ልጅቷ መሬት መሬት እያየች በጣቷ ብቻ «አዎ» የሚለውን ነካች። ዳታ ሰብሳቢዋ ምን ማድረግ እንዳለባት ስላልነገርኳት ወደ 18ኛው አለፈች። ማታ ወረቀቱን ሳይ ነው ያወቅሁት። በነጋታው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሄደን፣ ለብቻዋ አነጋግረናት፣ የአእምሮ ጤና ሥልጠና ወደ ወሰደ ሰው አደረስናት። አሁን ደህና ናት። ያች አንድ ሌሊት ግን እስከ ዛሬ ትከብደኛለች። አንድም መጠይቅ ሳይሞላ በፊት «አዎ» ያለችዋን ማን ይቀበላታል የሚለውን በስምና በስልክ ጨርሺ፤ ጠያቂዎችሽንም አሠልጥኚ። ለብቻዋ ያልሆነችን እናት አትጠይቁ።

4. ደብዳቤው። ይህ በአጭሩ የሚነገር አይደለም።

የትኛው ቢሮ እንደሆነ ይቅር። የኤቲክስ (የጥናት ሥነ ምግባር) ፈቃዴንና የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤ ይዤ ስገባ ኃላፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ለሚመለከተው ሁሉ የሚል ደብዳቤ እኔን አይመለከተኝም» አለኝ። ተመልሼ በቢሮው ስም አስጻፍኩ። «ነገ ነይ» አለኝ። ነገ ስብሰባ ነው። ከነገ ወዲያ መስክ ወጥቷል። በሦስተኛው ሳምንት «ደብዳቤሽ አልደረሰኝም» ሲለኝ ጸሐፊዋ አዝናልኝ ከመሳቢያው አወጣችው፤ እንዳስገባሁት ታጥፎ አለ። ያኔ ተናዶ «አንቺ ልጅ፣ ጭንቀት ብሎ ጥናት ምንድነው? የኛ ሴቶች እኮ ጠንካሮች ናቸው» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ማህተሙን ስለምፈልገው። ግን ጥንካሬያቸውን ከሱ ይልቅ አውቀዋለሁ፤ በእጄ ነው የያዝኳቸው። ጠንካራ ስለሆነች ነው እንዴ ማንም ምን ሆነሻል የማይላት? በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ክትትል ጀምረው የነበሩ ስንት እናቶች ወልደው አመለጡኝ።

አንቺ ደብዳቤውን በቢሮው ስም አስጽፊ፣ ሦስት ቅጂ ያዢ፣ ገቢ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ቆመሽ አይተሽ የገቢ ቁጥሩን በራስሽ ቅጂ ላይ አስጽፊ። ቁጥር ይዘሽ ስትመጪ ማንም «አልደረሰኝም» አይልሽም።

ነጥቦቹን በቁጥር መዘርዘሩን ልተወው፤ የቀረኝን እንዲሁ ልበልሽ። ሐሳብ ያለባት ሴት አትበላም፤ የምትበላው የሌላት ሴት ደግሞ ሐሳብ አያጣትም። ሁለቱን ካልለየሽ የረሃቡን ጥፋት በጭንቀቱ ታሳብቢያለሽ። የክንዷን ዙሪያ ለኪ፣ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑትን ለይ፣ የደም ማነሷንም ከካርዷ ያዢ። የደረሰባትን ነገርና የተሰማትንም ለየብቻ ጠይቂ። ካናዳ ኩቤክ ውስጥ በጥር 1998 እ.ኤ.አ. በረዶ የመብራት መስመሩን ጥሎት ብዙ ሕዝብ ጨለማ ውስጥ በከረመ ጊዜ፣ እነ ሱዛን ኪንግ እርጉዝ የነበሩትን ሴቶች ስንት ቀን ያለ መብራት እንደቆዩ ለብቻ፣ ምን ያህል እንደተረበሹ ለብቻ ነው የጠየቁት። እኔም ከዚያ ተምሬ «ከቤትሽ ተፈናቅለሽ ነበር? ስንት ቀን?» የሚል ጨመርኩ። ወሎ ላይ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ይህን ሳይጠይቁ ሌላ መጠየቅ ለኔ ትክክል አልመሰለኝም።

የእርግዝናውን ሳምንት ስታሰዪ በዓላቱን ይዘሽ ሂጂ። እናቶቹ የመጨረሻ የወር አበባቸውን ቀን በቁጥር አያስታውሱም፤ «ከፍልሰታ መግቢያ በፊት»፣ «ከአረፋ ማግስት» ነው የሚሉት። እኔ የዓመቱን በዓላት ከነቀናቸው በአንድ ገጽ አትሜ ለጠያቂዎቹ ሰጠኋቸው። ወደ ፈረንጅ ሲቀየር ጳጉሜን እንዳትዘነጋ፤ አምስት ቀን ልጁን ያለ ጊዜው ተወለደ ወደሚባልበት፣ ከ37 ሳምንት በታች ልታወርደው ወይም ልታሻግረው ትችላለች።

ቤት የሚወልዱም አሉ። እነሱን ከተውሽ በጣም የተቸገሩትን ተውሽ። አንዷ በወለደች በማግስቱ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ደረስን። አያትየዋ ሚዛኑን ሲያዩ ደጁ ላይ ቆሙና «ልጅ እንደ በርበሬ አይመዘንም» አሉ። የሰው ዓይን ፈርተው ነው። ቁጭ ብዬ ቡና ጠጣሁ። ቡናው ወደ ሁለተኛው ሲደርስ «እማማ፣ ቁጥሩን በአፌ አልጠራውም፤ ጽፌ ብቻ እይዘዋለሁ» አልኳቸው። አሰቡበት። «ማሻአላህ በይና አንሺው» አሉኝ። ማሻአላህ ብዬ አነሳሁት፤ እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ከኤክስቴንሽኗ ዓይን ከልለውት ተመዘነ። ከዚያ ወዲህ የትም ቤት ስገባ ቁጥር ጮክ ብዬ ጠርቼ አላውቅም፤ የመለሰኝም ቤት የለም።

የአማርኛ መጠይቁንና የበዓላቱን ዝርዝር በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ የጠያቂዎቹን ማሠልጠኛም እንዲሁ። ሚዛኑ አሁንም ቤቴ አለ። ደሴ አካባቢ ከሆንሽ መጥተሽ ውሰጂው፤ ስትጨርሺ ትመልሽልኛለሽ። ባትሪው አልቋል፣ እሱን ብቻ ገዝተሽ ነይ።