መልስ፦ ትወና ልጄን ከትምህርት ያርቃት ይሆን?
እህቴ፣ የ12 ዓመት ልጅሽ እዚህ ሐዋሳ ድራማ መለማመድ ከጀመረች ወዲህ ትምህርቷ እንዳይበደል ሰግተሽ ጠይቀሻል። የአሜሪካዊቷን ተዋናይ የማይም ቢያሊክን ታሪክ ልንገርሽ። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከ1990 እስከ 1995 የአንድ ተወዳጅ ተከታታይ ድራማ መሪ ተዋናይ ነበረች። ቀረጻ ቦታ ድረስ እየመጣች የምታስጠናት አስተማሪ ነበረቻት። የባዮሎጂን ፍቅር ያሳደረችባት እሷ ናት። እኔን ልቤን የሚነካኝ ይሄ ነው፤ አንዲት አስጠኚ! ድራማው ሲያልቅ ዩሲኤልኤ (ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ገባች። በ2007 በኒውሮሳይንስ፣ ማለትም በአንጎልና በነርቭ ሳይንስ፣ ዶክትሬቷን ያዘች። ኋላም ወደ ትወና ተመልሳ የአንጎል ተመራማሪ ሆና ተጫወተች።

የእኔም ልጅ ከልምምድ ስትመጣ ቦርሳዋ ውስጥ የሳይንስ ደብተሯና የድራማው ጽሑፍ አብረው ተጣጥፈው ነው የማገኛቸው። አታስቁሚያት። ጎበዝ አስጠኚ ፈልጊላት።