አዘዞ ላይ ማሳለጫ ይሠራ?

ወንድማችን «ጎንደር፣ አዘዞ ላይ የባሕር ዳሩና የመተማው መንገድ በሚገናኙበት ቦታ፣ እንደ አዲስ አበባው ጎተራ ያለ ማሳለጫ ቢሠራ አይሻልም? ድልድይ መሥራት ምን ያስቸግራል?» ብሎ ጠይቋል። መንገድ ሥራ ላይ በሰርቬየርነት ስለቆየሁ የማውቀውን ልበል።

ድልድዩማ ቀላሉ ነው። የሚከብደው ቦታው ነው። ከሥር ከባድ መኪና እንዲያልፍ ከ5 ሜትር በላይ ክፍተት ያስፈልጋል። የድልድዩ ውፍረት ሲጨመር የላይኛው መንገድ 7 ሜትር ገደማ ይነሳል። በ5 በመቶ ዳገት ይህን ለመውጣት ብቻ 140 ሜትር ይፈጃል፤ ለመውረድም ያው። መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚዞርበት ክብ መውጫ ደግሞ ወደ 100 ሜትር ስፋት ይውጣል። ስንት ቤት እንደሚነሳ አስቡት።

አራት ክብ መውጫ ያለው የማሳለጫ ዓይነት በፎቶ ያምራል። ግን ከአንዱ ክብ የሚገባውና በቀጣዩ ክብ የሚወጣው መኪና አንዲት አጭር ቦታ ላይ ይቆራረጣሉ። መኪና ሲበዛ እዚያው ይታነቃል። ደግነቱ አዘዞ ሦስት አቅጣጫ ብቻ ነው። ለሱ ትራምፔት የሚባለው፣ አንድ ድልድይና አንድ ክብ ያለው ይበቃዋል።

ሌላው አፈሩ ነው። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እሱ በደንብ ካልተነሳ ከላይ የሚደረገው ሁሉ ከንቱ ነው። ድልድይ ላይ ስትወጡ መኪናው «ጓ» የሚልበት ቦታ አለ አይደል? ድልድዩ ጠንካራ መሠረት ላይ ስለቆመ ንቅንቅ አይልም፤ ከጎኑ ያለው ሙሌት ግን ይወርዳል። ሙሌት በ20 ሳንቲም ገደማ እየተነጠፈ፣ ውኃ እየጠጣ ነው የሚጠቀጠቀው። ትልቁ ሮለር ግን የድልድዩን የጫፍ ግድግዳ እንዳይጎዳ እስከ ጥጉ አይጠጋም። ያቺን ጥግ በእጅ መጠቅጠቂያ፣ በስሱ እየደረቡ መሥራት ግድ ነው። ፎርማን ሲመሽበት የሚዘላትም እሷኑ ነው። እኔ ሳይት ስገባ መጀመሪያ የማየው እዚያ ነው።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ለአሁኑ አይመስለኝም። አዘዞ ላይ መንገዱን የሚዘጋው መገንጠያው ብቻ አይደለም። ጥግ ላይ ቆሞ የሚጭነው ባጃጅና ሚኒባስም አለ። ድልድይ ብንሠራ ድልድዩ ሥር ቆሞ ይጭናል! መጀመሪያ ከመንገዱ ገባ ያለ መጫኛ፣ ሰፋ ያለ አደባባይና ደህና የጎርፍ መውረጃ ይሠራ። ማሳለጫው ለነገ ከታሰበ ግን ቦታው ከአሁኑ ተከልሎ ይቀመጥ። ቤት ከተሠራበት በኋላ ካሳው ከድልድዩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።