ሪዲንግ ላይ ሰዓት ለሚያልቅባችሁ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ሪዲንግ፣ ማለትም ስለ ንባብ ክፍሉ ናቸው። እኔ ስፒኪንግና ራይቲንግ ነበር የሚያስጨንቃችሁ የሚመስለኝ፣ ለካ ብዙዎቻችሁን ወደ ኋላ እየጎተተ ያለው ይሄ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚሠራው ፈተና ነው። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ተመሳሳይ የሆኑትንም አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

*አንዲት እህት፦ መልሱን በሙሉ በካፒታል ሌተር ብጽፍ ችግር አለው? ጓደኛዬ ይሰረዛል አለችኝ።*

አይሰረዝም። እጅ ጽሑፍሽ የማይነበብ ከሆነ እንዲያውም ይሻላል።

*ካናዳ ለመሄድ በኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚያመለክት ወንድም፦ አካዳሚክ ልውሰድ ወይስ ጀነራል? አካዳሚክ ከባድ ስለሆነ የበለጠ ነጥብ ያሰጣል የሚል ነገር ሰምቻለሁ።*

ጀነራል ትሬኒንግ ነው የምትወስደው፣ አካዳሚኩን ለዚህ አይቀበሉህም፣ ስለዚህ የሰማኸውን እርሳው። ጀነራል ቀላል ነው ብለህ ግን እንዳትዘናጋ። ጽሑፎቹ ቀለል ይላሉ፣ ማስታወቂያ፣ የሥራ ቦታ መመሪያ ምናምን ነው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይመጣል፣ ነገር ግን ለተመሳሳይ ባንድ (የውጤት ደረጃ) ብዙ ጥያቄ መመለስ ይጠበቅብሃል። አካዳሚክ ላይ ከ40ው 30 ገደማ ካገኘህ 7 ይሆንልሃል፣ ጀነራል ላይ ግን ለ7 ወደ 34 ያስፈልግሃል። ሲኤልቢ (የካናዳ የቋንቋ ደረጃ መለኪያ) 9 የምትፈልግ ከሆነ ሪዲንግ ላይ 7 ነው የሚጠይቁት፣ ሊስኒንግ 8። ስድስት ስህተት ብቻ ነው የተፈቀደልህ ማለት ነው።

*ከባህር ዳር የጻፈልኝ ወጣት፦ ሁለቱን ፓሴጆች (የንባብ ጽሑፎች) በደንብ እሠራለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ስደርስ 8 ወይም 10 ደቂቃ ነው የሚቀረኝ፣ ከዛ በግምት እሞላዋለሁ። እንግሊዝኛው ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ስኪሚንግና ስካኒንግ (ጽሑፉን ገረፍ አድርጎ ማየትና አንድ መረጃ ብቻ መፈለግ) የሚባለውንም ከዩቲዩብ አይቼ ሞከርኩት፣ አልሠራልኝም።*

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሹ በሌላ አነጋገር ይሄንኑ ነው የሚለው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። አካዳሚክ ሪዲንግ 60 ደቂቃ፣ 3 ፓሴጅ፣ 40 ጥያቄ ነው። ሦስቱ ፓሴጆች አንድ ላይ ከ2,150 እስከ 2,750 ቃል ይሆናሉ። በደቂቃ 100 ቃል የምታነብ ከሆነ አንዴ ብቻ ለማንበብ 25 ደቂቃ ገደማ ሄደ። ብዙዎቻችን ደግሞ ሁለቴ ነው የምናነበው፣ አንዴ ለመረዳት አንዴ መልስ ለመፈለግ፣ ያው 50 ደቂቃ ሆነ፣ ለ40 ጥያቄ 10 ደቂቃ ቀረህ ማለት ነው። ይሄን ደግሞ ስኪሚንግ አይፈታውም፣ ስኪሚንግ በፍጥነት ማንበብ ለሚችል ሰው የሚጠቅም ዘዴ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርግ፣ 500 ቃል የሚሆን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወስደህ በስልክህ ሰዓት ያዝና አንብበው፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብህ ጻፍ። ችግርህ በቁጥር ካልታወቀ እየተሻሻልክ መሆንህንም አታውቅም።

ለምን ቀርፋፋ ሆንን? እንግሊዝኛ ስናነብ በልባችን ወደ አማርኛ ስለምንተረጉም ነው። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ እንደዛ ስለተማርን ነው፣ እኔም እንደዛ ነው የተማርኩት። ክፍል ውስጥ ተራ በተራ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነባለን፣ መምህሩ አዳዲስ ቃላቱን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ትርጉማቸውን እንገለብጣለን፣ ጥያቄው ሲመጣ ደግሞ ጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል ፓሴጁ ላይ ፈልገን አጠገቡ ያለውን ዓረፍተ ነገር መገልበጥ ነው፣ ይታረምልናል፣ አለቀ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲሆንም በዚሁ መንገድ ነው የቀጠልነው። ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በልባችን እየተረጎምን አጠናን።

የትርጉሙ ችግር ደግሞ የሁለቱ ቋንቋዎች አቀማመጥ ተቃራኒ መሆኑ ነው። እኛ "በድርቁ ከብቶቻቸውን ያጡት ገበሬዎች ወደ ከተማ ተሰደዱ" እንላለን። እንግሊዝኛው በእኛ ቃል ቢደረደር "ገበሬዎቹ፣ ያጡት፣ ከብቶቻቸውን፣ በድርቁ፣ ተሰደዱ፣ ወደ ከተማ" ነው የሚለው። ወደ አማርኛ ለመመለስ የግድ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ድረስ ሄደህ ተመልሰህ መምጣት አለብህ፣ ምክንያቱም የኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው ያለው፣ ገላጩም ከስሙ በፊት ነው የሚመጣው። ዓይንህ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። አይኤልትስ ላይ ደግሞ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት መስመር ሊሆን ይችላል፣ ገላጭ በገላጭ ላይ ተደርቦ፣ እዛ ጋ ነው እንግዲህ ደቂቃዎችህ የሚያልቁት።

መድኃኒቱ እንግሊዝኛውን በመጣበት ቅደም ተከተል መቀበል መልመድ ነው። ገበሬዎቹ (እሺ)፣ ከብቶቻቸውን ያጡት (እሺ)፣ በድርቁ፣ ተሰደዱ፣ ወደ ከተማ። በቃል በቃል ሳይሆን በሐረግ በሐረግ። በየቀኑ 30 ደቂቃ አንብብ፣ ያለፍከውን መስመር በወረቀት እየሸፈንክ፣ ወደ ኋላ መመለስ እስከማትችል ድረስ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ነገር ያመልጥሃል፣ ያምልጥ፣ አትመለስ። አንድ አንቀጽ ስትጨርስ ምን እንዳለ በአንድ አጭር የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ለራስህ ንገረው። ይሄ ከትርጉም ጋር አንድ አይደለም፣ ፍሬ ነገሩን መያዝ ነው፣ ሄዲንግ (የአንቀጽ ርዕስ) አዛምዱ ለሚለው ጥያቄም በቀጥታ የሚጠቅምህ ይሄ ልምምድ ነው። ምን ላንብብ ካልከኝ መጀመሪያ ጉዳዩን የምታውቀውን። በአማርኛ የሰማኸውን ዜና ሪፖርተር በእንግሊዝኛ ሲጽፈው አንብበው፣ ከዛ አዲስ ፎርቹን ሞክር፣ እንግሊዝኛው ከበድ ይላል፣ ለዛ ነው የምመክርህ። ከዛ በኋላ ስለማታውቀው ነገር፣ ስለ ንብ፣ ስለ በረዶ ዘመን፣ ስለ ድልድይ አሠራር፣ ፈተናው ላይ የሚመጣው እንደዚህ ዓይነቱ ስለሆነ።

ፈተናው ላይ ደግሞ ሰዓትህን እኩል አትከፋፍለው፣ ሦስተኛው ፓሴጅ አብዛኛውን ጊዜ ከባዱ ነው፣ 15፣ 20፣ 25 አድርገው። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ የለም፣ አንድም ባዶ ቦታ ትተህ እንዳትወጣ።

*ሌላ ተፈታኝ፦ ሊስኒንግ ላይ መልስ መገልበጫ 10 ደቂቃ ይሰጣል፣ ሪዲንግም ላይ ይሰጣል አይደል?*

አይሰጥም! በወረቀት የምትፈተን ከሆነ መልሱን እየሠራህ እዛው መልስ መስጫው ላይ ጻፍ። ጥያቄው ላይ ጽፎ "በኋላ እገለብጣለሁ" ሲል ወረቀቱ የተሰበሰበበት ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፣ መልሱን እያወቀው ነው ያጣው።

*ብዙዎቻችሁ፦ ፎልስና ኖት ጊቭን ይምታቱብኛል።*

ጥያቄው ላይ ያለው ከፓሴጁ ጋር ከተስማማ ትሩ ነው፣ ከተቃረነ ፎልስ፣ ፓሴጁ ስለሱ ምንም ካላለ ኖት ጊቭን። በቡና ላስረዳ። ፓሴጁ እንዲህ ይላል እንበል፦ "በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊት ለጸሎት ነቅተው ለመቆየት ቡና ይጠጡ ነበር።" ጥያቄው ደግሞ "ቡና መጀመሪያ የተገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው" ይላል። አሁን የኛ ሰው እጁ እንዴት ብሎ ነው ትሩ ሳይጽፍ የሚያልፈው? ከፋ እያለ፣ የካልዲንና የፍየሎቹን ታሪክ ከልጅነቱ እየሰማ አድጎ! መልሱ ግን ኖት ጊቭን ነው። ፓሴጁ ቡና ከየት እንደመጣ አንድም ቃል አልተናገረም። ጥያቄው "ሱፊዎቹ ቡና የሚጠጡት ቀን ላይ ብቻ ነበር" ቢል ኖሮ ፎልስ ይሆናል፣ ምክንያቱም ፓሴጁ ሌሊት ብሎ በቀጥታ ይቃረነዋል። ፎልስ ለማለት የሚያፈርሰውን ዓረፍተ ነገር በጣትህ ማሳየት መቻል አለብህ። ጣትህን የምታስቀምጥበት ካጣህ ኖት ጊቭን ነው፣ እውነት መሆኑን ብታውቀውም። ኖት ጊቭን ላይ የሚሳሳቱት ብዙ ጊዜ ጎበዞቹ ናቸው፣ የሚያውቁትን ይዘው ስለሚገቡ። ደግሞ "ሁሉም"፣ "አንዳንድ"፣ "ብቻ"፣ "ሊሆን ይችላል" የሚሉትን ቃላት እንግሊዝኛው ላይ ስታገኙ ቆም በሉ፣ መልሱን የሚለውጡት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

*አንዱ ወንድሜ፦ 3,000 ቃል ከነትርጉሙ በቃሌ ይዤ 5.5 አመጣሁ፣ ምን ላድርግ?*

ልፋትህን አከብራለሁ፣ ግን ዝርዝሩን አስቀምጠው። አንድ ቃል ብቻውን ስትይዘው የምታውቀው አንድ ትርጉሙን ነው፣ ፈተናው ደግሞ ፓሴጁ ላይ በአንድ ቃል ያለውን ጥያቄው ላይ በሌላ ቃል ነው የሚያመጣው። ከአሁን በኋላ አዲስ ቃል የምትጽፈው ያገኘህበትን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ጨምረህ ይሁን፣ በቀን ከአምስት አይብለጥ።

*ሪያድ የምትሠራ ነርስ፦ ወደ እንግሊዝ ለመሄድ ሪዲንግ 7 ይፈልጋሉ፣ ሁለቴ 6.5 አመጣሁ። ኦኢቲ (ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና) ይቀላል ይሉኛል፣ ልቀይር?*

እህቴ፣ ይቀላል አልልሽም፣ ይቀርብሻል ግን እላለሁ። የእንግሊዝ የነርሶችና አዋላጆች ካውንስል ሁለቱንም ይቀበላል። አይኤልትስ ላይ ስለ ሥነ ፈለክ ወይም ስለ ጥንታዊ ሸክላ የምታነቢውን ኦኢቲ ላይ በየቀኑ ስለምታይው ሥራ ነው የምታነቢው። ግን የመጀመሪያው ክፍል አራት አጫጭር ጽሑፍ፣ 20 ጥያቄ፣ 15 ደቂቃ ነው፣ ዶዝ፣ ምልክት፣ መጠን በፍጥነት መፈለግ ነው፣ ለሱ ካልተለማመድሽ ነርስነትሽ ብቻውን አያወጣሽም። ከድረ ገጻቸው ላይ ናሙናውን አውርደሽ በሰዓት ሥሪውና ከዛ ወስኚ። የሚጠይቁትን ውጤት ደግሞ ከካውንስሉ ገጽ ላይ አረጋግጪ።

*ስሙን እንዳልጠቅስ የለመነኝ፦ ቴሌግራም ላይ የሚመጣውን ፈተና ከነመልሱ እንሸጣለን የሚሉ አሉ፣ ቀብድ ከፍያለሁ፣ ሳልፈተን ሰርተፊኬት እንደሚሰጡኝም ነግረውኛል።*

ወንድሜ፣ ቀሪውን እንዳትከፍል። ቀብዱ ሄዷል፣ ይሂድ። የሚሸጡልህ የቆየ የልምምድ ፈተና ነው፣ ወይ ጭራሽ የፈጠሩት። ሰርተፊኬቱ ደግሞ የባሰ ነው፣ ዩኒቨርሲቲውም ኤምባሲውም ወረቀቱን አይቶ አያምንህም፣ ውጤቱን በኢንተርኔት ከፈተናው ባለቤቶች ጋር ያመሳክረዋል፣ እዛ ከሌለህ የለህም። ካናዳ ለምሳሌ ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበን ሰው 5 ዓመት ታግዳለች፣ የአምስት ዓመት ዕድሜህን ነው የሚወስዱብህ። ማመልከቻ ላይ አያይዘኸው ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር፣ ደላላ አይደለም፣ ጓደኛ አይደለም፣ ጠበቃ። ይሄን ጉዳይ እኔም ብሆን ልመልስልህ አልችልም።

*የወንድሜን የ2019 (በፈረንጆቹ) የቶፍል (ሌላው የእንግሊዝኛ ፈተና) መጽሐፍ ልጠቀም?*

ለንባብ ልምምድ አዎ፣ ለፈተናው ቅርጽ በፍጹም። ያኔ 3 ወይም 4 ፓሴጅ ነበር፣ በ2023 ወደ 2 ፓሴጅና 35 ደቂቃ አጠረ፣ በ2026 ጃንዋሪ ደግሞ እንደገና ተቀየረ፣ አሁን እንደ አመላለስህ ጥያቄው የሚከብድና የሚቀል ሆኗል።

*የ43 ዓመት አባት፦ ለማስተርስ እየተዘጋጀሁ ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ፊደሉ ይደበዝዝብኛል፣ ራሴንም ያመኛል። ትኩረት የማጣት ችግር ይመስለኛል፣ የትኩረት ልምምድ ካለ ይንገሩኝ።*

ጋሼ፣ ልምምድ አልነግርዎትም፣ መጀመሪያ ዓይን ሐኪም ይሂዱ። 40 ካለፈ በኋላ የቅርብ ነገር ማንበብ እያስቸገረ መምጣቱ የተለመደ ነው፣ ብዙ ጊዜ በመነጽር የሚስተካከል ነው፣ ግን መነጽሩን ከመንገድ ዳር ሞክረው እንዳይገዙ፣ ይመርመሩ፣ ራስ ምታቱንም ይንገሩት። ለፈተናው ሳይመዘገቡ በፊት ይሁን ይሄ፣ በማይታይ ፊደል ያን ሁሉ ብር እንዳያወጡ። ሐኪሙ ሌላ ነገር ካገኘ ደግሞ ማስረጃውን ይዘው ቀድመው ለፈተና ማዕከሉ ሲያመለክቱ ትልቅ ፊደልና ተጨማሪ ሰዓት የሚሰጥበት አሠራር አለ። ፈተናው ቀን ሄደው ቢጠይቁ ግን አይሰጥዎትም።

*የመጨረሻዋ፦ ሦስቴ ተፈትኜ ሦስቴም 6 አመጣሁ፣ 6.5 ነው የሚያስፈልገኝ። በሚቀጥለው ወር ልመዝገብ?*

አትመዝገቢ። ሦስቴ አንድ ዓይነት ውጤት ማለት ዕድል አይደለም፣ ደረጃሽ እዛ ነው ማለት ነው፣ በአንድ ወር ደግሞ የንባብ ፍጥነት አይቀየርም። ሦስት ወር ውሰጂ። ካምብሪጅ ከሚያሳትማቸው የልምምድ ፈተናዎች በሳምንት አንድ ብቻ በሰዓት ሥሪ፣ በቀሪዎቹ ቀናት የተሳሳትሻቸውን አንድ በአንድ እያነሳሽ ለምን እንደተሳሳትሽ ጻፊ፦ ቃሉን አላወቅሁትም፣ ዓረፍተ ነገሩ ረዘመብኝ፣ ሰዓት አለቀ፣ "ከሁለት ቃል አይብለጥ" ሲል ሦስት ጻፍኩ፣ ስፔሊንግ። ከ6 ወደ 6.5 ሦስት አራት ጥያቄ ነው የሚለየው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደብተርሽን አይተሽ የትኛው ምክንያት እንደበዛ ጻፊልኝ፣ ከዛ በኋላ እናወራለን።