ስዕሌ ለምን ጠፍጣፋ ሆነ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዲጂታል ስዕል ናቸው፣ ከነሱም ግማሽ የሚሆኑት ዞረው ዞረው ብርሃንና ጥላ ላይ ነው የሚያርፉት፣ ስለዚህ ሌላውን ለሚቀጥለው ላቆየውና ዛሬ እዚሁ ላይ ልቆይ። ጠያቂዎቹ ሁሉም ከባህር ዳርና ከዙሪያዋ ስለሆኑ ምሳሌዬንም ከዚሁ ነው የማመጣው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እኔ ሽምብጥ ነው የምኖረው፣ በስልኬ አይቢስ ፔይንት ላይ ነው የምስለው። ጣና ዳር የቆመ ታንኳና አጠገቡ ዘንባባ ያለበት ስዕል ሰርቼ ልኬልሃለሁ። ጥላውን በኤርብራሽ (ጠርዙ ለስላሳ በሆነው ብራሽ) በደንብ አለስልሼዋለሁ፣ ግን ያየው ሰው ሁሉ ጠፍጣፋ ነው ይለኛል፣ ጥላ ስጨምርበት ደሞ ጭራሽ የቆሸሸ ይመስላል። ምንድነው የጎደለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የላክልኝን ስዕል በደንብ አየሁት። እጅህ ጥሩ ነው፣ የታንኳው ደንገል እስር በእስር ተለይቶ ይታያል፣ እሱ ላይ አትጨነቅ። ጥላም አላነሰህም። ችግሩ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አለመወሰንህ ነው። ታንኳው በግራ ጎኑ ጠቁሯል፣ የዘንባባው ግንድ በቀኝ ጎኑ፣ መሬት ላይ ያለው ጥላ ደሞ ከስሩ ክብ ሰርቶ ተቀምጧል። ሶስቱም የየራሳቸው ፀሐይ አላቸው ማለት ነው፣ እና አይናችን ምክንያቱን ባያውቀውም እንዲህ ሲሆን ስዕሉን አያምነውም።

ስለዚ ብራሽ ከማንሳትህ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ መልስ፣ ስዕሉ ውስጥ ስንት ሰዓት ነው? ባህር ዳር ላለ ሰው ይሄ ቀላል ነው። ከተማው ያለው በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ስለሆነ ዳር ላይ ቆመህ ሐይቁን ስታይ ፊትህ ወደ ሰሜን ነው፣ ጠዋት ፀሐይ በቀኝህ ማታ በግራህ ናት። ታህሳስ ላይ ቀትር ሲሆን ከጀርባህ ትሆናለች፣ ፊት ለፊትህ ያለው ነገር ሁሉ ብርሃን ይጠግባል ጥላውም ወደ ሐይቁ ይሄዳል፣ ሰኔ ላይ ግን ያቺው የቀትር ፀሐይ አናት አልፋ ትንሽ ወደ ሰሜን ስለምትዞር ጥላው አጭር ሆኖ ወደ አንተ ይመጣል። በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ አጋማሽ ገደማና ነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ልክ አናታችን ላይ ትሆንና የቆመ ምሰሶ ጥላ ጠፍቶ ከስሩ ይገባል። አንተ ለዘንባባው የሰራኸው ጥላ የዚያን ቀን ጥላ ነው፣ ታንኳው ላይ ያለው ግን የጠዋት ነው። ጥልቀት ከፈለግክ ደሞ ቀትርን ተወውና ጠዋትን ወይ ማታን ምረጥ፣ ፀሐይ ወጥታ 1 ሰዓት ገደማ ሲሆናት የሰው ጥላ የቁመቱን 4 እጥፍ ሊጠጋ ይደርሳል፣ መሬቱ ላይ ሲዘረጋ መሬቱ ወደ ውስጥ የሚሄድ መሆኑን ራሱ ይናገርልሃል።

ሰዓቱን ከወሰንክ በኋላ ሁሉንም ነገር ለሁለት ክፈለው፣ ፀሐይ የምታየው ወገንና የማታየው ወገን፣ በቃ። ጠራ ባለ ቀን ቀጥታ የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ነው፣ ጥላ ውስጥ ያለው ብርሃን ከዚያ በብዙ እጥፍ ያንሳል፣ ስለዚ በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፣ ፈርተህ በትንሽ ግራጫ የምታልፈው አይደለም። አንድ አይነት ቀለም እስከሆነ ድረስ ጥላ ውስጥ ያለው ክፍል በምንም ተአምር ፀሐይ ላይ ካለው ሊበራ አይችልም፣ ከውሃው ወይ ከአሸዋው የተመለሰ ብርሃን ከስር ቢነካው እንኳ ያው ጥላ ውስጥ ነው ያለው። የታንኳህን ሆድ በዚህ መልክ በተመለሰ ብርሃን ያበራኸው ጥሩ ሀሳብ ነበር፣ ግን ከላይኛው የበለጠ ስላበራኸው ቅርጹን አጠፋብህ።

ወደ ኤርብራሹ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ነው የምነግርህ። ጥላን ሁሉ ማለስለስ ስዕልን ያሟሽሻል። ፀሐይ ሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ስላላት የጥላ ጠርዝ የሚለሰልሰው እንደ ርቀቱ ነው፣ ጥላውን የሚጥለው ነገር ከሚያርፍበት ቦታ የራቀውን መቶኛ ያህል። አስፋልቱ ላይ ከዘንባባዎቹ ስር ስትቆም ልብ በል፣ ያንተ እግር ጥላ ጫማህ ጋ በምላጭ የተቆረጠ ነው፣ ከ10 ሜትር ከፍታ የመጣው የቅጠሉ ጥላ ግን ጠርዙ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ደብዝዟል። ዋርካ ስር ደሞ በቅጠሎቹ መሀል ሾልኮ መሬት ላይ የሚወርደው የብርሃን ነጠብጣብ ክብ ክብ ነው፣ የቀዳዳውን ቅርጽ አይዝም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ የፀሐይ ምስል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆኖ በታየው ግርዶሽ ጠዋት ዛፍ ስር መሬቱን ያየ ሰው ክቦቹን ማጭድ ሆነው ነው ያገኛቸው። እና ደረቅ ጠርዝ በደረቅ ብራሽ፣ የራቀውን ብቻ አለስልስ፣ ክብ የሆነውን ነገር ደሞ፣ ለምሳሌ ግንዱ ላይ ብርሃኑ ወደ ጨለማ የሚዞርበትን ቦታ ብቻ።

የቆሸሸ መምሰሉ ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጥቁር መጠቀምህ ነው። ውጭ ያለ ጥላ ብርሃኑን የሚያገኘው ከሰማይ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የፀሐዩ ወገን ወደ ቢጫ፣ ዘጌ ቡና ጫካ ውስጥ ከሆንክ ደሞ በቅጠል አልፎ ስለሚመጣ ጥላው አረንጓዴ ይነካዋል። መልቲፕላይ ሌየር (ከስሩ ያለውን ቀለም የሚያጠቁር ሌላ ንጣፍ) ክፈትና ጥቁሩን ትተህ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ወይ ወይን ጠጅ ሙላበት። ሁለተኛው ደሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፣ የዘንባባው ጥላ በአንድ ሌየር የታንኳው ጥላ በሌላ ሌየር ሁለቱም መልቲፕላይ ሆነው የተደራረቡበት ቦታ ድርብ ጨልሟል። በእውነቱ ዓለም እንደዛ አይሆንም እኮ፣ ፀሐይ አንዴ ከተጋረደች ሁለተኛ አትጋረድም፣ የተደራረበ ጥላ ያው አንድ ጥላ ነው። መሬት ላይ የሚወድቀውን ጥላ በሙሉ አንድ ሌየር ላይ አድርገው፣ ሙሉ ቀለም ሞልተህ ኦፓሲቲውን (ድፍንነቱን) ለሌየሩ በጠቅላላ ቀንስ።

ስትጨርስ ከሁሉም በላይ አዲስ ሌየር ጥቁር ሞልተህ ሞዱን (ከስሩ ካለው ጋር የሚቀላቀልበትን መንገድ) ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) አድርገው፣ ስዕሉ ግራጫ ይሆናል። ታንኳው ከሐይቁ ተለይቶ ካልታየህ ቀለም አያድነውም፣ ወደ ጥላው ተመለስ።

ጥያቄ፦ የፋሽን ዲዛይን ተማሪ ነኝ፣ በታብሌት ነው የምሰራው። ነጠላ የለበሰች ሴት ስስል ነጠላው ወረቀት ይመስላል፣ ፊቷን ሼድ ሳደርግ ደሞ አመድ የነካው ይሆንብኛል። ጋሼ እስቲ እርዳኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ነጠላ ላይ ወረቀት የሚያስመስልሽ ብርሃን እንደሚያሳልፍ መርሳትሽ ነው። እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡትን ሴቶች ፀሐይ በነሱ ጀርባ ሆና ተመልከቻቸው። ነጠላው ያልተደራረበበት ቦታ ይበራል፣ ብርሃኑ በክሩ መሀል አልፎ ይመጣል፣ ትከሻ ላይ የተጣጠፈው ግን ይጨልማል፣ ጥለቱ ደሞ ክሩ ጠበቅ ስላለ ከሁሉም ይጠቁራል። ፀሐይ ከፊታቸው ሆና ብታያቸው ግን ሌላ ነው፣ እጥፉ ወደ ፀሐይ የዞረው ጉብታ ይበራል፣ ከቆዳ ላይ የተለጠፈው ስሱ ቦታ ቆዳው ስለሚታይበት ይጠቁራል። ማለትም ያው ነጠላ ብርሃኑ ፊትና ኋላ ሲቀያየር የሚበራውና የሚጨልመው ቦታ ይገለበጣል፣ አንቺ ሁለቱንም አንድ ላይ ስለሳልሽው ነው ያልመጣልሽ። ጋቢ ቢሆን ወፍራም ስለሆነ ይሄ ነገር ጠርዙ ላይ ካልሆነ ብዙም አይታይም። የነጩ ጥላ ደሞ ግራጫ አይሁን፣ ነጭ ልብስ አጠገቡ ያለውን ቀለም ሁሉ ይሰበስባል፣ ቀይ አፈር ላይ ከቆመች ከታች ቀላ ይላል፣ ከላይ የሰማይ ሰማያዊ ይይዛል።

ፊቷን በተመለከተ፣ አመዱን የሚያመጣው ጥቁር ወይ ግራጫ ቀለም ነው። የኛ ቆዳ ጥላው ውስጥ ሙቀት አለው፣ የቆዳውን ቀለም ራሱን ያዢና ስታጠቁሪው ወደ ቀይ ቡኒ ወይ ወደ ወይን ጠጅ ግፊው፣ ሳቹሬሽኑን አትቀንሺ። ብርሃኑ ጋ ደሞ አንድ ነገር አለ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ራሱ የሚመልሰው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ከላዩ የሚያበራው ወዝ ጎልቶ ይታያል፣ እና ወዙ የቆዳውን ቀለም ሳይሆን የብርሃኑን ቀለም ነው የሚይዘው። ጥላ ስር ሰማይ እያየች የቆመች ሴት ግንባሯና ጉንጯ አጥንት ላይ ያለው ብልጭታ ሰማያዊ ነው። ቆዳውን በነጭ አቅልሎ ብርሃን አደረግኩት ማለት ፊቱን ያሳጣዋል፣ ብዙ ጊዜ የኛን ሰው በዲጂታል ሲስሉት የማይመስለው በዚህ ምክንያት ስለሆነ እባክሽ እዚህ ላይ ጊዜ ስጪው። ፀሐይ ከጀርባዋ ከሆነች ጆሮዋ ጠርዝ ላይ ትንሽ ደማቅ ቀይ አድርጊበት፣ ብርሃን በስስ ስጋ ውስጥ ሲያልፍ ደም ስለሚያቀላው ነው።

ጥያቄ፦ ውሃ ላይ ጥላና ነጸብራቅ ይምታታብኛል፣ ሁለቱም ይሳላሉ ወይስ አንዱ? ከግሽ ዓባይ ነኝ።

መልስ፦ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ፣ ግን መንገዳቸው የተለያየ ነው። ነጸብራቅ ፀሐይ የትም ብትሆን ከነገሩ ስር ቀጥ ብሎ ወደ አንተ ይወርዳል፣ ጥላ ግን ሁሌ ከፀሐይዋ ተቃራኒ ነው የሚሄደው። የጠራ ውሃ ላይ ጥላ ብዙም አይያዝም፣ የደፈረሰ ውሃ ግን እንደ መሬት ይይዘዋል፣ ክረምት ላይ ግልገል አባይ፣ ርብና ጉማራ ጭቃቸውን ይዘው ሲገቡ ጣና ቡናማ ስለሚሆን የታንኳ ጥላ ውሃው ላይ ቁልጭ ብሎ ታየዋለህ። ነጸብራቅ ስትሰራ ጥቁሩን ነገር ትንሽ አንጣው፣ ደማቁን ሰማይ ትንሽ አጨልመው፣ የውሃው የራሱ ቀለም ስለሚገባበት ነው። ከእግርህ ስር ያለው ውሃ ላይ ደሞ ብዙ ነጸብራቅ አትስራ፣ ቀጥታ ወደታች ሲታይ ውሃ የሚመልሰው ብርሃን 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ መስታወት የሚሆነው ራቅ እያለ ሲሄድ ነው። ሩቅ ያሉት ደሴቶች ላይ ጥቁር አትጠቀም፣ በመሀል ያለው አየር ጨለማውን ቦታ መጀመሪያ ያነጣዋል ሰማያዊም ያለብሰዋል፣ እዚያ ላይ ጥላህ ከፊት ካለው ታንኳ ጥላ ጋር እኩል ከጠቆረ ደሴቱ ወደፊት መጥቶ ታንኳው ላይ ይለጠፍብሃል።

ጥያቄ፦ የስዕል መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ጥላ መስራት የፈረንጅ ነው፣ የኛ የቤተ ክርስቲያን ስዕል ጥላ የለውም ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ጋሼ፣ በከፊል ልክ ናቸው። በቀድሞው የጎንደር ዘመን አሳሳል ቀለሙ ድፍንና ደማቅ ነው፣ ቅርጹን የሚይዘው መስመሩ ነው፣ ቅዱሳኑ ፊት ለፊት በሁለት አይን፣ ክፉዎቹ በጎን በአንድ አይን ይሳላሉ፣ ብርሃንም ከአንድ ወገን አይመጣም። ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ሁለተኛው የጎንደር አሳሳል ፊትንና እጅን በጥላ ያድቦለቡላል፣ ከኋላ ያለውም ቀለም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይ ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይሸጋገራል፣ ዛሬ ልጆቹ ግራዲየንት የሚሉት ማለት ነው። እቴጌ ምንትዋብ ደቅ ደሴት ላይ ያሰሩት ናርጋ ሥላሴ ግድግዳው ላይ ያለው ይሄ አይነቱ ነው። መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ ግን እዚያም ብዙ አያገኙም፣ ጥላው ለሰውነት እንጂ ለፀሐይ አልተሰራም፣ እና እኔ በበኩሌ ለተማሪ ትልቅ ትምህርት የሚሆነው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ጥልቀት ያለ ፀሐይም መስራት እንደሚቻል በአይናቸው ያያሉ።

ከቻሉ ይውሰዷቸው። ናርጋ በጀልባ ሩቅ ስለሆነ በጠዋት መነሳት ይፈልጋል፣ ካልሆነ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቅርብ ነው፣ የተለያየ ዘመን ስዕል አንድ መቅደስ ዙሪያ ላይ ስላለ ማወዳደር ይቻላል። ሴት ተማሪዎች ካሉ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት ስለማያስገቡ ፕሮግራሙን በዚያ አይያዙት። ስልክ ሳይሆን ደብተርና እርሳስ ያሲዟቸው፣ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ፊት ብቻ መርጦ ጉንጩ ላይ ጥላው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይቅዳ።